በቡና መቁያ መኪና ውስጥ ስለ ተነሣው እሳት

ለቤተ ሰብ በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ ስለ ቡና መቁያ መኪና እሳት መጻፋችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ የቡና መቁያ መኪና በፋብሪካ ቅጥር ውስጥ ብቻ የሚገኝ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ከመኖሪያ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራ ክፍል፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ፣ ከወጥ ቤት ጎን ተተክሎ የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። ስለዚህ ጉዳዩን የቤተ ሰብ ጉዳይ ብንለው አልተሳሳትንም። ከዚህም ሌላ እኛ በዚህ ነገር ጥፋተኞች ነን። ጥፋትን ለንስሐ አባት መናገር አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ጥፋት ነገ ሊሠራው ለሚችል ሰው መናገር ግን ሌላ ነው። ይህን የምንጽፈው ሁለተኛውን ዕዳችንን ለመክፈል ነው።

የባለቤታችን ታናሽ እኅት ባሏ ካረፈ በኋላ ሁለት ልጆቿን ለማሳደግ ያልሞከረችው ሥራ የለም። በመጨረሻ ከዘመድም ከብድር ተቋምም ተበድራ አንድ የቡና መቁያ መኪና ገዛችና በአዲስ አበባ በምትኖርበት ግቢ ጥግ ባለችው ክፍል አስተከለችው። መኪናው በአንድ ጊዜ 15 ኪሎ ጥሬ ቡና የሚቀበል፣ በጋዝ የሚነድድ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር ነው። የተቆላውን ቡና እየፈጨች ለሠፈሩ ሱቆችና ለጥቂት ቡና ቤቶች ታስረክባለች። የሚቆላላት ወጣት በሕፃንነቱ በሰንበት ቀን ዳዊት ያስደገምነው፣ በኋላም እኛ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት እስከ 8ኛ ክፍል ደርሶ በችግር ምክንያት ያቋረጠ ልጅ ነው። ዛሬ ትከሻው ሰፍቶ፣ ጢም አውጥቶ ሳለ እንኳ እኛን "የኔታ" ማለቱን አልተወም።

ሁላችንም ቡና በብረት ምጣድ ሲቆላ እያየን አድገናል። (በአያቶቻችን ዘመን በካህናት ቤት ቡና መጠጣት የሚያስነቅፍ ነገር እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይነግሩናል፤ ዛሬ ግን ከቅዳሴ መልስ ቡና የማይፈላበት የካህን ቤት ማግኘት ያስቸግራል።) እናቶቻችን ጥሬውን ቡና አጥበው በከሰል ላይ በተጣደው ምጣድ ያደርጉታል፤ ሳያቋርጡም ያማስሉታል። ገለፈቱ ሲነሣ እፍ ይሉታል። ቡናው ሊያርር ሲል ምጣዱን ፈጥነው ከእሳቱ ያወርዱታል፤ ወይም በሰፌድ ላይ ገልብጠው ያናፍሱታል። የምጣዱ ጥበብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከእሳት ማራቅና ለነፋስ መስጠት። ይህ ልማድ ከልጅነታችን ጀምሮ በእጃችን ውስጥ ስላለ ሳናስበው ይሠራል። እኛን ያሳተን ይኸው እጅ ነው።

መኪናው ሌላ ጠባይ አለው። ውስጡ የሚዞር የብረት በርሜል ነው፤ ከበርሜሉ ሥር የጋዙ እሳት ይነድዳል። ማራገቢያው ትኩሱን አየር በበርሜሉ ውስጥ እየሳበ ጢሱንና ገለፈቱን በቧንቧ ይዞት ይሄዳል። ገለፈቱ ለእርሱ በተሠራው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይወድቃል፤ ጢሱም በጢስ ማውጫው በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ቡናው ሲበስል ከፊት ያለው በር ይከፈትና ወደ ማቀዝቀዣው ገበታ ይፈስሳል፤ በገበታው ሥር ደግሞ አየር የሚስብ ሌላ ማራገቢያ አለ። ቡናን በርሜሉ ከእሳቱ ላይ እንዳለ በበር በኩል የማፍሰስ ብልኀት በኒው ዮርክ ይኖር ለነበረው ለጃቤዝ በርንስ የፈጠራ መብት ያስገኘለት እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። ከዚያ በፊት ሠራተኞች በርሜሉን በሙሉ ከእሳቱ ላይ እየጎተቱ ማውጣት ነበረባቸው፤ ሥራቸው ከእናቶቻችን ምጣድ ብዙ የራቀ አልነበረም። ያ በር ለቡና ቆዪው ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን በየትኛው ጊዜ ሊከፈት፣ በየትኛው ጊዜ ሊዘጋ እንደሚገባው ለማያውቅ ሰው ክፉ በር ነው።

ጥሬው ቡና ከገባ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ የመጀመሪያው ፍንዳታ ይሰማል፤ ፈንዲሻ ሲፈነዳ የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ቡናው ሙቀት መቀበል ብቻ ሳይሆን ከራሱም ሙቀት መስጠት ይጀምራል። ወደ 225 ዲግሪ ሲደርስ ሁለተኛው ፍንዳታ፣ ቀጠን ያለና የተፋጠነው መንጣጣት ይከተላል፤ ዘይቱም ወደ ፍሬው ገጽ ብቅ ይላል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ እጅግ አጭር ነው። ጥቂት ደቂቃ የተዘነጋ ቡና ከጥቁረት ወደ ከሰልነት፣ ከከሰልነትም ወደ ነበልባል ይሻገራል። ገለፈቱ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ ከወረቀት የሳሳ ደረቅ ነገር ስለ ሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከነጀንፈሉ በፀሐይ የደረቀው ያልታጠበ ቡና ከታጠበው ይልቅ ብዙ ገለፈት እንደሚጥል ቡና የሚቆላ ሁሉ ያውቀዋል።

እሳቱ ከመነሣቱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኅዳር፣ ልንጠይቃቸው ሄደን ሳለ ቡናው በርሜሉ ውስጥ እንዳለ መብራት ጠፋ። በርሜሉ ቆመ፤ ማራገቢያውም ዝም አለ። የጋለ ብረት ላይ ቆሞ የቀረ ቡና በአንድ ጎኑ እያረረ ይሄዳል፤ በርሜሉም ራሱ ሳይዞር ከቆየ ሊጣመም ይችላል። ልጁ ምንም ሳይደናገጥ ጋዙን ዘጋ፤ በሩን ከፈተ፤ ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ ቡናውን ወደ ገበታው ሳበው፤ ከዚያም ባዶውን በርሜል እስኪበርድ ድረስ በእጁ ያዞረው ጀመር። እኛም አጠገቡ ቆመን አደነቅነው። በልባችንም፣ "በጭንቅ ጊዜ በሩ ተከፍቶ ቡናው ይወጣል" የሚል ትምህርት ያዝን። በዚያን ቀን ግን ቡናው ውስጥ ነበልባል አልነበረም። ተማሪዎቻችን አንድን ምሳሌ አይተው ሕጉን ሁሉ ያወቁ ሲመስላቸው እንገሥጻቸዋለን፤ እኛም ከዚያ የተሻልን ሆነን አልተገኘንም።

ታኅሣሥ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ልደት ሁለት ሳምንት ስለ ቀረው ትእዛዙ በዝቶ፣ መኪናው ከጧት እስከ ማታ ሲዞር ሰንብቷል። ይቆላ የነበረው ያልታጠበ ቡና ነው። ማጠራቀሚያው ረቡዕ ማታ ከተጠረገ ወዲህ፣ "ይህን ትእዛዝ ጨርሰን" እየተባለ ሦስት ቀን አልፎታል። በዚያ ላይ አንድ ደንበኛ ቡናው እጅግ እንዲጠቁርለት ጠይቆ ስለ ነበር ያ ዙር ሁለተኛውን ፍንዳታ ማለፍ ነበረበት።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ደረስን። የመጣነው ለበጎ ነገር ነው፤ ልጁ የማታ ትምህርት እንዲቀጥል ልንመክረው። ከክፍሉ ደጃፍ ቆመን ጠራነው። መኪናውን አየት አደረገና፣

"የኔታ፣ ይቺን ላውጣና ልምጣ" አለን።

ሁለት ደቂቃ አትፈጅም አልነው። ፊደል ያስቆጠረውን ሰው እምቢ ማለት ስላልሆነለት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ስለ ትምህርት ጥቅም ማስረዳት ጀመርን፤ የአስተማሪ ምክር ደግሞ አንዴ ከተጀመረ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። ልጁ አቀርቅሮ ይሰማናል፤ አንድ ጆሮው ግን ከመኪናው ጋር ነበር። ሁለተኛው ፍንዳታ ሲጀምር ሰማውና፣ "ይቅርታ፣ የኔታ" ብሎ ሊሄድ ሲል፣ ገና የምንጨምረው ነገር ነበረንና ክንዱን ያዝነው።

ከዚያ ሽታው መጣ። የሚቆላ ቡና መዓዛ አልነበረም፤ ጉሮሮ የሚይዝ፣ መራራ ሽታ ነው። ልጁ ሮጠ፤ እኛም ተከተልነው። ክፍሉ በጢስ ተሸፍኗል፤ በመኪናው ፊት ባለችው ትንሽ መስተዋት ውስጥ ቀይ ብርሃን ሲዞር ይታያል። ልጁ በመጀመሪያ ጋዙን ዘጋ። በርሜሉን የሚያዞረውን ሞተር አልነካውም። ቀጥሎ የአየሩን ማራገቢያ ሊያጠፋ ወደ ኋላ ዞረ። እኛ ግን በዚያች ቅጽበት የኅዳሩን ቀን አስታወስን። ቡናው ውስጥ እየነደደ ነው፤ ልጁም ማውጣቱን የረሳው መሰለንና ክፈተው እንጂ ብለን ጮኽን።

"አይንኩት! የኔታ፣ በሩን አይንኩት!" አለ ሳይዞር።

ሰምተነዋል። አልሰማንም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ነገር ግን የኖርንበት ልማድ አስተማሪ ተናጋሪ፣ ተማሪ ሰሚ የሚሆንበት ነውና የበሩን እጀታ ይዘን አነሣነው።

ነበልባሉ ከበሩ አፍ ወጥቶ እስከ ጣራው ተወረወረ። የቅንድባችንን ጠጉርና የእጃችንን ጀርባ ለበለበን። ቡናው እንደ ፍም እየበራ ወደ ገበታው ፈሰሰ፤ የቀደመውን ዙር ሲያቀዘቅዝ የነበረው ማራገቢያ ገና አልጠፋም ነበርና አየር ሲነካው ገበታው ሁሉ እንደ ምድጃ ተቀጣጠለ። እኛ ወደ ኋላ ስንሸሽ ልጁ ወደ ፊት መጣ። በአንድ እጁ ፊቱን ከልሎ በሌላው ክንዱ በሩን ገፍቶ ዘጋው፤ የገበታውንም ማራገቢያ አጠፋ። "እትዬ! ሲሊንደሩን!" ብሎ ሲጣራ እኅታችን ከደጅ ያለውን የጋዝ ሲሊንደር ዘጋች። እኛ በጄሪካን የነበረውን ውኃ ለማንሣት ስናጎነብስ፣ "ውኃ አይሆንም፤ መብራት አለበት! ቀዩን ያምጡልኝ!" አለ። ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ከሦስት ጆንያ ጥሬ ቡና በስተ ኋላ ነበር። ጆንያዎቹን ስንጎትት ያለፈው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ለእኛ ግን የዓቢይ ጾምን ያህል ረዘመብን። ልጁ ቀለበቱን ነቅሎ ዱቄቱን በገበታው ላይ ነፋው። እሳቱ ከገበታው ጠፋ፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ግን ገና ነበር። ሁላችንም ወጣን፤ የክፍሉን በር ዘጋን፤ ልጆቹን ጎረቤት ወሰዷቸው፤ ወደ 939 ተደወለ።

ጎረቤት ሲሰበሰብ አንዷ ለጋ ቅቤ፣ ሌላው የጥርስ ሳሙና ይዘው ወደ ልጁ ክንድ መጡ። ለበጎ አስበው ነው፤ ሆኖም ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን በሥጋ ውስጥ ከማፈንና ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር አይጠቅምም። ክንዱን ይዘን ወደ ቧንቧው ወሰድነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ እየወረደበት 20 ደቂቃ ያህል አቆየነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነንም ወደ ጤና ጣቢያ ላክነው። በዚያ ቀን በትክክል ያደረግነው ነገር ይህ ብቻ ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ጣራውንና ጢስ ማውጫውን መረመሩ። እሳት ወደ ላይ አልተሻገረም ነበር። በርሜሉ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ድረስ በሩን ማንም እንዳይከፍት አስጠነቀቁን። በማግሥቱ ሲከፈት ውስጡ የቀረው ቡና ከሰል ሆኖ ተገኘ። ማጠራቀሚያውን ስንከፍት ደግሞ ጥቁር ገለፈት እስከ ቧንቧው አፍ ተጠቅጥቆ አየን። እሳቱ አንድ ክንድ ያህል ወደዚያ አልፎ ቢሆን ኖሮ በጢስ ማውጫው በኩል ጣራውን ይይዝ ነበር፤ ጣራው ደግሞ ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል ጣራ ጋር አንድ ነው።

ለ20 ዓመት ያህል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ስንሥል ኖረናል። በአንዱ ጎን "የሚነድድ ነገር"፣ በሌላው "ሙቀት"፣ በሦስተኛው "አየር" ብለን እንጽፍና ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል እሳት ይጠፋል ብለን እናስተምራለን። በመኪናው ውስጥ ቡናውን ከእሳቱ መለየት አይቻልም፤ ቡናው ራሱ እሳት ሆኗል። ሙቀቱንም በአንድ ጊዜ ማብረድ አይቻልም። የቀረው አየሩ ነው። ልጁ ጋዙን ዘግቶ፣ ማራገቢያውን አጥፍቶ፣ በሩን እንደ ተዘጋ ሊተወው ሲል ያደረገው ሦስተኛውን ጎን መቁረጥ ነበር። በርሜሉ እንዲዞር መተዉም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቡናው በአንድ ቦታ ቆሞ ብረቱን እንዳያጣምም ነው። እኛ በበኩላችን አየር እንደ ልብ አስገባንለት።

ከዚህ በኋላ መኪናውን የጠገነው ባለሙያ ብዙ ነገር አስተማረን፤ ጠቃሚ መስሎ የታየንን ከዚህ እናኖራለን። እሳት በርሜሉ ውስጥ ከተነሣ ጋዙን ዝጋ፤ በርሜሉ ይዙር፤ የአየር ማራገቢያውን አጥፋ፤ በሩን አትክፈት፤ ሰው አስወጣ፤ እሳት አደጋን ጥራ። በአንዳንድ መኪና ላይ ሠሪዎቹ ራሳቸው በርሜሉ ውስጥ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ ያበጁለታል፤ እንዲህ ያለ ካለ በሠሪው መመሪያ መጠቀም ይገባል። ከሌለ ግን በባልዲ ውኃ መድፋት አደገኛ ነው፤ ውኃው በጋለው ብረት ላይ ድንገት እንፋሎት ሆኖ ተመልሶ ሰውን ይቀቅላል፤ ብረቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል። እሳቱ በገለፈት ማጠራቀሚያው ውስጥ ከሆነም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ጋዝና ማራገቢያ ይጠፋሉ፤ ክዳኑ አይከፈትም። ጢስ ማውጫው ውስጥ ሲሆን እንደ ኃይለኛ ነፋስ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ጋዙንና ማራገቢያውን አጥፍቶ መውጣትና መጥራት እንጂ ጣራ ላይ ወጥቶ ውኃ ማፍሰስ የድፍረት ሥራ ነው። ከታፈነ እሳት በሚወጣው ጢስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ አለ፤ ከሰል ቤት አስገብተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ነው። ስለዚህ እሳቱ ጠፋ አልጠፋ ብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቆሞ መጠበቅ አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስገረመን። ከማጠራቀሚያው የተጠረገው ገለፈት በጆንያ ተሞልቶ በግድግዳ ሥር ሲቀመጥ፣ ከውስጡ አንዲት የማትታይ ፍም ብትኖር ሳትነድድ ለብዙ ሰዓት ውስጥ ውስጡን እየሄደች ትቆይና ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ትነሣለች። ያልበረደ የተቆላ ቡናም በጆንያ ከታጨቀ እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። እኅታችን ለዓመታት ገለፈቱን በጆንያ እያደረገች ከልጆቿ መስኮት ሥር ታስቀምጠው ነበር፤ ለዶሮዎቹ ማደሪያ የሚወስዱት ጎረቤቶች ስላሉ። ዛሬ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ፣ ከቤቱ ርቆ ይቀመጣል።

ታኅሣሥ 19 ቀን የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲደርስ እጃችንን በጨርቅ ጠቅልለን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የሠለስቱ ደቂቅ የአናንያ፣ የአዛርያና የሚሳኤል ታሪክ ተነበበ። ይህን ምንባብ በዲቁና አገልግሎታችን ዘመን ስንት ጊዜ እንደ ሰማነው አንቆጥረውም። ልባችን ሁልጊዜ የሚያርፈው በእሳቱ ውስጥ ሳይቃጠሉ በሚመላለሱት ላይ ነበር። በዚያ ቀን ግን ቀድሞ ልብ ያላልነውን ሌሎች ሰዎች አየን፤ ሦስቱን ወጣቶች አንሥተው ወደ እቶኑ የጣሏቸውን ጭፍሮች። እነርሱን የገደላቸው ከእቶኑ የወጣው የእሳቱ ነበልባል ነው። ይህን ስንሰማ የዚያ በር እጀታ እንደ ገና በእጃችን ያለ መሰለን።

ከቅዳሴ በኋላ አማታችን ልጁን ሊጠይቁ ሄደው፣ "ገብርኤል ነው ያተረፋችሁ፤ ስእለት አለብኝ" አሉት። ልጁም፣ "አዎን እማማ፤ በሩን ስገፋው እጄን ያጸናው እርሱ ነው" አላቸው። እኛ ከአጠገቡ ተቀምጠን ነበር። በሩን ማን እንደ ከፈተው አማታችን እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር፤ ልጁም አልነገራቸውም፤ እኅታችንም አልነገረቻቸውም። እኛው ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ "በል እንግዲህ ልጄ፤ ሻማውን አንተ ግዛ" አሉን።

መኪናው ለሦስት ሳምንት ቆሞ የልደት ትእዛዝ ሁሉ ቀረ፤ የብድሩ ወር ግን አልቀረም። የጥገናውን ወጪ ከደመወዛችን ከፍለን ጨረስነው፤ እኅታችን በመጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን፣ "ጋሼ፣ ካልከፈሉ እንቅልፍ አይወስድዎትም መሰለኝ" ብላ ተቀበለችን። ልጁ ክንዱ ላይ ከአንጓው እስከ ክርኑ የሚሄድ ጠባሳ ቀርቶበታል። ጠባሳው ያለበት እኛ ይዘን ያቆየነው ክንድ ነው።

ዛሬ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ በሚያህል ካርቶን ያ ሥርዓት ተጽፎ ተሰቅሏል፤ ጽሕፈቱ የእኛ ነው። ልጁ ግን ጽሕፈት በጭንቅ ጊዜ አይነበብም ብሎ ተከራከረን። ስለዚህ መኪናው በርዶ፣ ባዶውን ቆሞ ሳለ፣ እኅታችንና ሁለቱ ልጆቿም ጭምር ዳዊት እንደሚደግም ሰው እያንዳንዱን በቃል እያሉ በእጃቸው ይለማመዱታል፤ ትልቋ ልጅ የደጁን ሲሊንደር መዝጋት የእርሷ ድርሻ ሆኗል። ቀዩ የእሳት ማጥፊያ በበሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ በፊቱ ጆንያ ማስቀመጥ ክልክል ነው። መኪናው ሲዞር የሚቆላውን ሰው ከደጅ ሆኖ መጥራትም ክልክል ነው፤ ይህ አንቀጽ የተጻፈው በማን ምክንያት እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሁሉ ልጆቹ በጣታቸው ያሳዩናል።

ማጠራቀሚያው በየቀኑ ማታ ይጠረጋል፤ የቅዳሜው ተራ የእኛ ነው። ጢስ ማውጫውንም በወር አንድ ጊዜ ከልጁ ጋር ፈትተን እንፍቀዋለን፤ ከውስጡ የሚወጣው እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ከጥፍራችን ሥር ሰኞም አይለቅም፤ ተማሪዎቻችንም ጠመኔ ስንይዝ ያዩታል። ባለፈው ቅዳሜ ጠርገን ስንጨርስ ልጁ ማብሪያውን አጠፋ፤ የደጁንም ሲሊንደር ፈተሸ፤ በርሜሉን በመዳፉ ነክቶ መብረዱን ካረጋገጠ በኋላ ሁለት በርጩማ አወጣና አንዱን ወደ እኛ ገፋ አደረገው።

"የኔታ፣ ያን ቀን ስለ ማታ ትምህርት የጀመሩልኝ ነገር ነበር" አለን። "መኪናው ቆሟል፤ አሁን ይጨርሱልኝ።"